ማን ነካው?

ትናንት አረንጓዴ ሆኖ ያለፈው ቢልድ ዛሬ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቅሃል። የማኔጀሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ነካው?» ነው። ማንም አልነካውም። ኮዱ ያው የትናንቱ ነው፤ የተለወጠው ማሽኑ ነው። ሎጉን ወደ ታች ስታወርደው አንዲት መስመር ታገኛለህ፦ «ቴራፎርም፦ ኮማንድ ኖት ፋውንድ»፤ ከሥሯ ኤግዚት ኮድ 127። ቴራፎርም የሚባለው መሣሪያ ትናንት ማሽኑ ላይ ነበረ፣ ዛሬ የለም። መርዶውን የነገረን ሎጉ ነው።

እዚህ ኮለምበስ በዴቭኦፕስ ሥራ የምንተዳደር ሐበሾች ሞርስ ሮድ ቡና ላይ ስንገናኝ፣ ከሀገር ቤት ወሬ ቀጥሎ የሚነሣው እሮሮ ይኸው ነው። «አንተም ጋ ወደቀ?» «ተወኝ እባክህ!» አጠገባችን ኒው አልባኒ ዳታ ሴንተር በዳታ ሴንተር ሆናለች፤ የእኛ ቢልድ የሚሮጥበት ማሽን ግን የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። ከእነ ዕቃው የተከራየነው ቤት ነው፤ አከራዩ ድስቱን ሲያነሣ አያማክረንም።

ደግሞ አልተነገረንም ማለት አንችልም። ማሽኑን የሚያከራየን ጊትሃብ «ኡቡንቱ ሌተስት» የሚባለውን ከ22.04 ወደ 24.04 እንደሚያዛውር አስቀድሞ አስታውቋል። ዝውውሩ ግን ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ያው ፓይፕላይን አንዴ በአሮጌው አልፎ አንዴ በአዲሱ ይወድቅ ነበር። በአዲሱ ላይ ቴራፎርም የለም። ፓይተኑ 3.12 ስለሆነ ዲስትዩቲልስን የለመደ የድሮ ስክሪፕት አለቀለት። ፒፕም «መጀመሪያ ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት ሥራ» ብሎ ይመልስሃል። ከዚያ በፊት በ2024 ክረምት የዶከር ኮምፖዝ አሮጌው ቨርዥን ከማሽኑ ተወግዶ፣ በትእዛዙ ስም ውስጥ ባለች አንዲት ሰረዝ ምክንያት ስንቱ ስክሪፕት ተሰናከለ!

«ታዲያ ቨርዥኑን ቆልፈው» ይሉሃል። ኡቡንቱ 20.04 ላይ የቆለፉትም በኤፕሪል 2025 ተባረዋል፤ ያውም ከመባረራቸው በፊት ለማስጠንቀቂያ ተብሎ ሥራቸው በተመረጡ ሰዓታት ሆን ተብሎ ይጣል ነበር።

የፈለግነው ሲጠፋ ያልፈለግነው ሞልቷል። አንድሮይድ ኤስዲኬ፣ ሃስኬል፣ ዶትኔት ዲስኩን ይዘውት የራሳችን ኢሜጅ ቦታ ያጣል። ስለዚህ ቢልዱ በሮጠ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራችን ሳንጠይቅ የተሰጠንን መደምሰስ ነው። ማሽኑ በየጊዜው አዲስ ስለሚሆን ነገም እንደገና እንደመስሳለን።

«የራሳችሁን ኮንቴይነር ሥሩ» የሚልም አይጠፋም። እሺ፣ ሠራን። የሴኩሪቲ ፓቹን ማን ይከታተል? ኢሜጁን ማን ያድስ? ያው ጣት ወደ ዴቭኦፕሱ ይቀሰራል።

መድኃኒቱን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። የሚያስፈልገውን በስሙና በቨርዥኑ ጽፎ በራስ መጫን ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ። ቲኬቱም ከተከፈተ ቆይቷል። ቢልዱ ቀይ ሲሆን «አስቸኳይ» ይባላል፤ አረንጓዴ ሲሆን «ለሚቀጥለው ስፕሪንት»።