ወንበር ከተረፈ፦ በዕረፍቷ ቀን የምትጓዝ ሆስተስ ጠባይና ሥርዓት ላይ የተደረገ ጥናት

ከአየር መንገድ ሠራተኞች ሁሉ ለጥናት የምትመቸው በዕረፍቷ ቀን የምትጓዝ ሆስተስ ናት። አብራሪው መንገደኛ ሲሆን ይተኛል፤ መካኒኩ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ ፊቱን ይቋጥራል፤ ከሁለቱም ብዙ የሚገኝ ነገር የለም። እሷ ግን ከመሳፈሪያው በር ቀረብ፣ ከበሩ ሠራተኛ ጠረጴዛ ራቅ ብላ፣ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ማንንም የማታይ መስላ ሁሉንም ስትቆጥር ትገኛለች። የመጡትን መንገደኞች መቁጠር የኮምፒዩተሩ ሥራ ነው። እሷ የምትቆጥረው የቀሩትን ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ እናስረዳ። የአየር መንገድ ሠራተኛ በራሱ ድርጅት አውሮፕላን በነጻ ወይም ለነጻ በቀረበ ዋጋ ይሄዳል። በሌላው ድርጅት ደግሞ ከመደበኛው ዋጋ 90 በመቶ በሚቀነስበት «አይዲ ናይንቲ» በሚሉት ትኬት፣ አለዚያም «ዜድ» በተባለው ስምምነት በርቀት በተተመነ ታሪፍ ይበራል። ይህ ሁሉ ግን ስታንድባይ ነው፦ ወንበር ከተረፈ። ካልተረፈ የሚቀጥለውን በረራ መጠበቅ፤ እዚያም ካልተረፈ የነገውን። ቅናሹ ገንዘቡን ብቻ እንደሚመለከት ልብ ይሏል። በትዕግሥት የሚከፈለው ሙሉ ዋጋ ነው።

በዚህ መስክ ሁለት ታላላቅ የሊቃውንት ጎራዎች አሉ። በዴልታ አየር መንገድ ወረፋ የሚያስቀድመው የተቀጠሩበት ቀን ነው፤ 30 ዓመት ያገለገለች ሴት ዘግየት ብላ ብቅ ትልና ከሌሊት ጀምሮ አየር ማረፊያ የተቀመጠውን የዘንድሮ ቅጥር አልፋው ትገባለች። በአሜሪካን ኤርላይንስ ግን በአንድ ምድብ ውስጥ ቀድሞ ቼክ ኢን ያደረገ ይቀድማል። ስለዚህ ከበረራው 24 ሰዓት አስቀድሞ፣ ጣትን ስልክ ላይ አንዣቦ ሰከንድ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ጡረተኞች በዚያ ቤት በሥራ ላይ ካሉት በታች ናቸው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰማይ ላይ ቡና ስትቀዳ የኖረች እናት ባለፈው ወር ከተቀጠረ ልጅ ኋላ ትሰለፋለች። ከሁለቱ ሥርዓት የትኛው ፍትሐዊ እንደሆነ ለመጠየቅ የሚሻ ተመራማሪ በቅድሚያ የተጠያቂውን የቅጥር ዘመን ይመዝግብ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅም ላያስፈልገው ይችላል።

ወረፋው በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች በስክሪን ይለጠፋል። ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የሚታየው ከቤተሰብ ስም ሦስት ፊደል፣ ከመጠሪያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዘዴውን የፈጠሩት ሰዎች ሐበሻ አላጋጠማቸውም ብሎ መገመት ይቻላል። ገብረሥላሴ፣ ገብረማርያምና ገብረመድኅን ሦስቱም በእንግሊዝኛው «ጂ-ኢ-ቢ» ሆነው ይወጣሉ፤ መጠሪያቸው ተስፋዬ፣ ታደሰና ትዕግሥት ከሆነ ደግሞ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። አንዱ ወንበር ሲያገኝ ሦስቱም ይነሣሉ።

ባዶ ወንበር መኖሩም ዋስትና አይሆንም፤ ይህ በተለይ ከአዲስ አበባ የሚነሣን ሰው ይመለከታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል፤ ነዳጅ፣ ሰውና ጭነት ሁሉንም ሞልቶ ረጅም መንገድ መነሣት አይሆንም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ደለስ የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ፣ ተመላሹ ግን ቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ክብደት የሚቀነስበት ቀን ሲመጣ ማን እንደሚቀነስ መናገር አያስፈልግም። ከፍሎ የገባው መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይዟል። ስንት ኪሎ በርበሬና ሽሮ አንዲት ሆስተስ እንደሚያስቀር ወደፊት የሚመጡ ተማሪዎች ለመመረቂያ ቢይዙት መልካም ነው።

ስለ አለባበስ ያለው ሕግ በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ነው። ዩናይትድ አየር መንገድ ከዴንቨር ወደ ሚኒያፖሊስ በሠራተኛ ትኬት («ፓስ») ሊሄዱ የመጡ ሁለት ልጃገረዶችን ታይት ለብሳችኋል ብሎ አላሳፍርም አለ። ዓለም ሲጮህ ድርጅቱ የሰጠው ማብራሪያ በግልጽነቱ የሚደነቅ ነበር፦ ከፍሎ የመጣ መንገደኛ ታይቱን ለብሶ በደስታ ይምጣ፤ ክልከላው የሚመለከተው በፓስ የሚሄደውን ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ልብስ ጨዋ ወይም ባለጌ የሚሆነው በትኬቱ ዓይነት መሆኑን ነው።

ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ኤፕሪል 9፣ ያው ድርጅት ለጥናታችን ሌላውን ግማሽ አበረከተ። ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል ሊነሣ በተዘጋጀ አውሮፕላን ላይ ለአራት የበረራ ሠራተኞች ቦታ ተፈልጎ፣ ከፍለው የተቀመጡ ሐኪም በጸጥታ ሰዎች እየተጎተቱ ወረዱ። እነዚያ ሠራተኞች ግን ስታንድባይ አልነበሩም፤ በማግስቱ ሥራ የሚጠብቃቸው፣ በትእዛዝ የሚሄዱ ነበሩ። እንግዲህ ያችው ሆስተስ ሥራ ላይ ስትሆን ሐኪም የምታስነሣ ናት፤ ዕረፍት ላይ ስትሆን ተማሪ ያስነሣታል። ኋላ ድርጅቱ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ከመነሻው 60 ደቂቃ አስቀድመው ቦታ እንዲያዝላቸው ደነገገ። ዕረፍት ላይ ላለችው ሆስተስ የተደነገገ ነገር የለም።

ይባስ ብሎ ብዙዎቹ የአሜሪካ ሆስተሶች የሚኖሩበት ከተማ አንድ፣ ሥራ የሚጀምሩበት ሌላ ነው። ወደ ሥራቸው የሚሄዱትም ወንበር ከተረፈ ነው ማለት ነው። ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ፣ በኬኔዲና በላጓርዲያ መካከል ባለው ኪው ጋርደንስ፣ አንዱን ቤት ለብዙ ተከራይተው በተደራራቢ አልጋ የሚያድሩት ለዚህ ነው። አንዳንዴ የመጨረሻው ተስፋ በአውሮፕላኑ በር ሥር ያለችው ተጣጣፊ የሠራተኛ ወንበር ትሆናለች፤ ያችን የሠራ መሐንዲስ ምቾትን በተመለከተ ግልጽ አቋም የነበረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ማለትም ወደ ይሉኝታ። ሆስተሷ ተሳክቶላት ከገባች በኋላ መሃለኛውን ወንበር በምስጋና ትቀበላለች። ሻንጣዋን ላይ የምትሰቅለው የከፈሉት ሰቅለው ከጨረሱ በኋላ ነው። ቤተሰብ አብሮ እንዲቀመጥ ቦታ ቀይሪ ከተባለች አስቀድማ ተነሥታለች። የጥሪ ደወሉን በሕይወቷ ስንት ጊዜ እንደመለሰች ስለምታውቅ ራሷ አትነካውም። ለባልደረቦቿ ቸኮሌት ይዛ ትገባለች፤ ይህ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ከመመሪያው ይበልጥ የሚከበር ሕግ ነው። ስንት ሺህ ሰው «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» ብላ የጠየቀች ሴት፣ ተራው ደርሶ ስትጠየቅ መልሷ «የተረፈውን» ነው። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይባል ነበር፤ እዚህ አንገት ደፊ አገር አቋራጭ ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚከብደው አጠገቧ የተቀመጡት እናት ናቸው። «የኔ ልጅ፣ አንቺ በስንት ቆረጥሽው?» ይላሉ፣ የራሳቸውን ዋጋ ነግረው ከጨረሱ በኋላ። እውነቱ አይነገርም፤ ውሸትም ነውር ነው። ተቀባይነት ያገኘው መልስ «እንደ ቀኑ ነው፣ እማማ» የሚለው ሲሆን፣ ትክክለኛነቱን ማንም ሊያስተባብል አልቻለም።

ስለ ዘመድ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ማለት ሰው ያስቀይማል። የአሜሪካ ድርጅቶች ለሠራተኛው «ባዲ ፓስ» ይሰጡታል፤ ለወዳጅ የሚተላለፍ፣ ከወረፋው እጅግ ዝቅ ያለ ትኬት ነው። የወዳጁ ጠባይ ዕዳው የሠራተኛው ነው፤ ወዳጁ በር ላይ ቢጮህ ፓሷን የምታጣው እሷ ናት። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ አንዲት ልጅ አየር መንገድ ተቀጠረች የሚለው ወሬ ከሥራ መታወቂያዋ ቀድሞ ለቤተ ዘመድ ይዳረሳል። ከዚያ ጋሼ ይደውላሉ። «ለገና ነው፣ ለአንድ ሰው ብቻ» ይላሉ። ገና ሰሞን ወንበር እንደማይተርፍ ብታስረዳቸው «አንቺ ካልሽማ ይተርፋል» የሚል ማበረታቻ ይሰጧታል። በሦስተኛው ቀን ከአትላንታ ሲደውሉ ግን ድምፃቸው ተለውጧል። ከዚያ በኋላ በየለቅሶ ቤቱ ስለ አየር መንገድ አሠራር ማብራሪያ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

የሚቀረው ወንበር ከተያዘ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው። ሆስተሷ ቀበቶዋን ታጥቃለች፤ ቸኮሌቱ ተሰጥቷል፤ በሩ ግን ገና አልተዘጋም። በዚህ ጊዜ ሌላ በረራ ዘግይቶበት፣ ትኬቱን በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው በመተላለፊያው እየሮጠ ሊመጣ ይችላል። ከመጣ የበሩ ሠራተኛ ገብታ ስሟን ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራለች። ሆስተሷ ትነሣለች፣ ሻንጣዋን ታወርዳለች፣ ላቡን እየጠረገ ለሚመጣው ሰውዬ «ይለፉ» ብላ መንገድ ትለቃለች፣ የሥራ ባልደረቦቿን መልካም በረራ ትመኛለች። ቸኮሌቱን መልሱልኝ አይባልም።