ጡረታ እምቢ ያለው አፕ

በእኛ ድርጅት ሰው ጡረታ ሲወጣ ወግ አለው። ክበቡ ውስጥ ለስላሳና ቆሎ ይቀርባል፣ ሥራ አስኪያጁ ያንኑ የየዓመቱን ንግግር ያደርጋሉ፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሳል። በሚቀጥለው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባለጋቢው በሩ ላይ ይገኛል። «ምነው በደህና?» ሲባል «እንዲያው ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» ይልና ሄዶ የድሮ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። በቦታው የተተካው ልጅ ቆሞ ይውላል። የሽያጭ አፓችን አሮጌው ቅጂም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጋቢ እንኳ አልተሰጠውም።

ሥራዬ ሱቅ ለሱቅ መዞር ነው። ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ እናከፋፍላለን። ድሮ ትእዛዝ የምንቀበለው በካርቦን ወረቀት ነበር፤ ማታ ቢሮ ስንገባ እጃችን ሰማያዊ፣ ሒሳባችን ጥቁር ሆኖ ነው። አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል። ባለሱቁ ደጃፍ ስደርስ አፑን ከፍቼ «ደርሻለሁ» የሚለውን እጫናለሁ፣ ጂፒኤሱ ያለሁበትን ይመዘግባል፣ ትእዛዙን ሞልቼ እልካለሁ። አለቃዬ ቢሮዋ ተቀምጣ በካርታ ላይ እንደ ቀይ ነጥብ ታየኛለች። ቀይ ነጥብ ከሌለ እኔም የለሁም።

አንድ ቀን በቴሌግራም ግሩፓችን የአይቲው ልጅ አንድ ፋይል ለቀቀ። «አዲሱ ቅጂ ይኸው፤ ሁላችሁም ጫኑ፤ ከነገ ጀምሮ አሮጌው አይሠራም» ይላል። ሁላችንም አውራ ጣት ሰጠን፣ ጫንን። ከማግስቱ ጀምሮ አሮጌው እንደተባለውም አልሠራም። መከፈቱን ግን ማንም አልከለከለውም።

ከቢሮ «ይህን ሱቅ ጎብኝ» የሚል አጭር መልእክት ከሊንክ ጋር ይመጣልኛል። ሊንኩን ስነካው ከተፍ የሚለው አሮጌው ነው። አዲሱ እዚያው አጠገቡ፣ ያንኑ ሰማያዊ ክብ ለብሶ፣ ያችኑ የዕቃ ጋሪ ይዞ ተቀምጧል፤ ማንም አልጠራውም። አሮጌው ይከፈትና «ይህ ቅጂ ጊዜው አልፎበታል፤ እባክዎ አዲሱን ይጠቀሙ» ይለኛል። ሥሩ አንድ ቁልፍ ብቻ አለ፤ «እሺ» ይላል። እሺ ስለው ይዘጋል። ሊንኩን እንደገና ስነካው እንደገና እሱው መጥቶ አዲሱን ተጠቀም ይለኛል። ጊዜው ማለፉን በራሱ አፍ እየተናገረ ከበር የማይነቃነቅ ነገር ያየሁት ያኔ ነው።

ይሄስ በትዕግሥት ይታለፋል። ጉዱ የመጣው ኔትወርክ የሌለበት ስገባ ነው። መርካቶ ውስጥ ምድር ቤት ያሉ መጋዘኖችን የሚያውቅ ያውቃል፤ ደረጃውን ሦስት አራት ሲወርዱ ስልኩ ትንፋሽ ያጥረዋል። አሮጌው አፕ «ጊዜዬ አልፏል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ የሚያገኘው ከሰርቨር ነበርና፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ማለፉን ይረሳዋል። ጎልማሳ ሆኖ ይከፈታል! ትእዛዝ ይቀበላል፣ ይደምራል፣ በአረንጓዴ ጽሑፍም «ተመዝግቧል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል» ይላል። ሊልክ የሚያስበው ግን ትእዛዝ መቀበል ወዳቆመው ሰርቨር ነው።

ማታ አለቃዬ ደወለች።

«ዛሬ ቀኑን ሙሉ የት ነበርክ?»

«መርካቶ ነበርኩ።»

«ካርታው ላይ ቤትህ ነው ያለኸው።»

ከቤት ስወጣ አዲሱን ከፍቼው ስለነበር ያየኝ እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ምስክር የሚሆነኝ አሮጌው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ምድር ቤት ያሉት ደንበኛዬም ቆይተው ደወሉ። «ሳሙናውስ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ተመዝግቧል» አልኳቸው። «ስማ ልጄ፣ የተመዘገበ ሳሙና ልብስ አያጥብም» ብለው ዘጉት።

ምክር ፍለጋ ሄድኩ። የአይቲው ልጅ ትሁት ነው። «ጋሼ፣ ሪስታርት አድርገውታል?» አለኝ። አድርጌዋለሁ አልኩት። «እስቲ አንዴ ይድገሙት።» የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «እኔ እኮ ገና ድሮ አጥፍቼዋለሁ» ብሎ ኮራብኝ። እንዴት ሲባል፣ ምልክቱን በጣቱ ጎትቶ ከስክሪኑ ላይ አውርዶታል። ይህ ማጥፋት አይባልም። አፑ ከፊት ለፊት ተነሳ እንጂ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሊንክ ሲመጣ ዘሎ ይወጣል፣ የእሱ ሲብስ ከየት እንደወጣ እንኳ አይታይም። መገናኛ ስልክ የሚጠግነው ወጣት ለሁሉም ችግር አንድ መድኃኒት ነው ያለው። «ፍላሽ ላርግልህ?» አለ፣ ችግሩን ሳይሰማ። አስገድዶ የሚያስቆመውን ቁልፍም ሞክሬዋለሁ። ለጊዜው ጭጭ ያሰኘዋል፤ ሊንኩን ስትነኩ ራሳችሁ ስለጠራችሁት ተመልሶ ይነሳል።

ነገሩ የገባኝ የአይቲውን ልጅ ቡና ጋብዤ ከሥሩ ሲያስረዳኝ ነው። አንድሮይድ አፕን የሚያውቀው እኛ በምናየው ስምና ምልክት አይደለም። እያንዳንዱ አፕ ውስጡ የተደበቀ ስም አለው፣ ሠሪው ደግሞ በራሱ ቁልፍ ይፈርምበታል። አዲሱ ቅጂ በዚያው በተደበቀው ስምና በዚያው ፊርማ ከመጣ፣ አሮጌው ላይ ይጫንና ይተካዋል፤ ውስጡ ያለው መረጃም አይነካም። ስሙ አንድ ሆኖ ፊርማው ከተለየ ስልኩ አልጭንም ይላል፤ አስመሳይ ይሆናል ብሎ ነው፣ ደግም አደረገ። ስሙ ከተለየ ግን ሁለቱን እንደማይተዋወቁ እንግዶች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የእኛን የመጀመሪያ አፕ የሠሩት ሰዎች ከድርጅቱ ጋር በክፍያ ተጣልተው ሲሄዱ የመፈረሚያ ቁልፉም አብሯቸው ሄዷል። አዲሶቹ ሠሪዎች ያለ ቁልፉ የድሮውን መተካት ስላልቻሉ በሌላ ስም ሌላ አፕ ሠሩ። ምልክቱን ግን «ሠራተኛው እንዳይደናገር» ተብሎ ያው አደረጉት። ማን እንዲህ እንዳሰበ እስካሁን አልተጠየቀም።

ሊንኩን በተመለከተ ደግሞ ስልኩ ቃሉን እየጠበቀ ነው። ስልኮቹ የተሰጡን ዕለት የአይቲው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሲያዘጋጃቸው፣ ስልኩ «ይህን ሊንክ በምን ልክፈት? ለአሁኑ ብቻ ወይስ ሁልጊዜ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ሥራው እንዲፈጥንለት ሁልጊዜ የሚለውን ተጫነ። ስልክ እንደ ሰው አይደለም፤ ሁልጊዜ ካሉት ሁልጊዜ ነው። መፍትሔው ቅንብሮች ውስጥ ነው፦ አፖች ውስጥ ገብቶ፣ አሮጌውን መርጦ፣ በነባሪ የሚከፍተውን ዝርዝር ማጽዳት። አጸዳን። ሊንኩን ነካሁት፤ አዲሱ ተከፈተ። አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ያም ሆኖ ኔትወርክ በሌለበት ተሳስቼ እንዳልነካው ጨርሼ ላራግፈው አልኩ። የማራገፊያው ቁልፍ ደብዝዟል፣ ብትጫኑት ንቅንቅ አይልም። ለካ አሮጌው ሲጫን የመሣሪያ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሹሞ ኖሯል። ይህ ሥልጣን አንድሮይድ ውስጥ የገባው በ2.2 ስሪት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ድርጅቶች የሠራተኛው ስልክ ሲጠፋ ከሩቅ እንዲቆልፉት ወይም እንዲያጸዱት ታስቦ ነው። አስተዳዳሪ የሆነን አፕ ሥልጣኑን ሳትገፍፉ ማራገፍ አይቻልም። ሳሙና ለመሸጥ ይህ ሁሉ ሥልጣን ለምን እንዳስፈለገው አልገባኝም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድሮይድ 5.0 እኮ የሥራ ፕሮፋይል የሚባል የተሻለ ነገር አምጥቶ ነበር፤ የቢሮው አፕ ሁሉ ትንሽ የቦርሳ ምልክት ተለጥፎበት ለብቻው ይቀመጣል፣ ሲፈለግም በአንዴ ይጠፋል። እኛ ዘንድ ግን በቴሌግራም የመጣ ፋይል ይሾማል።

ወደ ደኅንነት ቅንብሮች ገባን፣ የአስተዳዳሪዎቹን ዝርዝር አገኘን፣ ምልክቱን አነሳን። ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» አለ። በሕይወቴ እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ከ20 ዓመት በላይ ዓለምን ሲያገናኝ የኖረው ስካይፕ እንኳ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ይብቃህ ሲባል ሥራውን ለቲምስ አስረክቦ በሰላም ሄዷል። የእኛው የሳሙና አፕ ሹመቱ እስኪገፈፍ ጠበቀ።

ከማራገፌ በፊት ግን ልጁ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ያልተላከ የለውም?» ነበረው። የእትዬ ሳሙና፣ የሌሎቹም ዘይትና ፓስታ እዚያው ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል፤ አፑ ሲራገፍ አብረው ይጠፉ ነበር። ወደ አሮጌው ሰርቨር መላክ ስለማይቻል ኔትወርኩን አጥፍቼ ከፈትኩት፣ ገጹን እያሳለፍኩ የስክሪን ፎቶ አነሳሁ፣ አዲሱ ላይ በእጄ ሞላሁ፣ ከዚያ አራገፍኩት።

የእናንተም ስልክ ላይ መንትያ አፕ ካለ፣ ያልተላከ ሥራ በውስጡ መኖር አለመኖሩን ሳታዩ አትንኩት። አፕ የምታሠሩ ድርጅቶች ደግሞ የመፈረሚያ ቁልፉን በእጃችሁ ሳታስገቡ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ።