የተመለሰው ትንባሆ

ቦረና ዘንድ ልጅ ሲጠየቅ ቡናና ትንባሆ ይቀርባል ሲሉኝ፣ ሁለቱንም መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬን ከሐዋሳ ሲመጣ ኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ተቀብዬው፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የጋራ ኬላ አልፈን ኬንያ ሞያሌ ገባን። መንገዱን ሙሉ የሸሚዙን ኮሌታ ሲነካካ ነበር።

ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። የምትጠየቀው ልጅ ኬንያ ሞያሌ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። እሱ እቃ ሊያመጣልኝ ሲመላለስ ተያዩ፤ ተዋደዱ። አባቱ ቦረና ነበሩ፤ በልጅነቱ ስለሞቱበት ከሳቸው የቀረለት የጎሳው ስም ብቻ ነው። አፉን የፈታው በአማርኛ ነውና እሷም የሐዋሳ ልጅ እንጂ ቦረና ነው ብላ አልጠረጠረችም። እሱም ነገሬ ብሎ አላነሳላት።

እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ከመሄዳችን በፊት በሀገሬ ደንብ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። እናቱ የነገሩትን የአያት የቅድመ አያት ስም፣ እሷ ከምታውቀው ጋር አስተያየሁ። የትም አይገናኙም። ልቤ አረፈ።

ቤታቸው ስንደርስ የልጅቷ እናት ጥግ ተቀምጠው የጀንፈል ቡናውን ጫፍ በጥርሳቸው እየቀነጠቡ የጋለ ቅቤ ውስጥ ይጨምራሉ። ፍሬው ሲፈነዳ ይሰማል፤ ቤቱን የቅቤና የቡና ሽታ ሞላው። ቡነ ቀላ የሚሉት ይህን ነው። አባትየው አማርኛ ይችላሉ። እኔም ባዳ እንዳይመስላቸው ብዬ፣ “አባባ፣ ልጁ እኮ የናንተው ነው፤ ጎሳው ከረዩ ነው” አልኳቸው።

ዝም አሉ። በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

“እኛ ዲጋሉ ነን። ከረዩም ዲጋሉም ሳቦ ነው። እህቱን ነው የጠየቃችሁን።”

“በሰባት ቤት አይገናኙም፣ ቆጥሬያለሁ።”

“እናንተ ትቆጥራላችሁ። እኛ አንቆጥርም።”

ቦረና ሳቦና ጎና ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሳቦ ከጎና ያገባል፣ ጎናም ከሳቦ። የዘር ሐረጋችሁ የቱንም ያህል ቢራራቅ፣ በአንድ ወገን ካላችሁ ወንድምና እህት ናችሁ። የሥጋ ዝምድናን መሸሽ ሁላችንም ጋ አለ፤ አፍንጫችን ሳይቀር የሚሸሽ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ላይ ክላውስ ቬደኪንድ የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ 44 ወንዶች የለበሱትን ካናቴራ ለ49 ሴቶች አስሸትቶ ነበር፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን የማይወስዱት ሴቶች ይበልጥ የወደዱት፣ ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዘው ዘረመሉ ከነሱ የሚለየውን ሰው ጠረን ነው። እነዚህ ሁለት ልጆች ግን በደም ባዳ ናቸው። አፍንጫም ሰባት ቤትም የፈቀደላቸውን የከለከለው ያ አንድ ስም ነው። ስሙን የተናገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይቆጨኛል፤ ሽማግሌውን ግን መውቀስ አልቻልኩም፤ እንባቸው አይናቸው ላይ ቀርሮ አይቻለሁ።

እሷ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ሳትናገር ወጣች።

አባትየው ትንባሆውን አንስተው በእጄ መለሱልኝ። ቡናውን እናትየው አስቀሩት፤ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም አሉ። ከዚያ ቅቤውን በጣታቸው ነክተው የጓደኛዬን አናት ቀቡት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ።

ትንባሆው ዛሬም ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ። እሷም ጠዋት ጠዋት ጨርቋን ስትሰቅል ሰላም ትለኛለች። ስለሱ ስትጠይቀኝ፣ “ወንድሜ ደህና ነው?” ትላለች።