በሶ በሻንጣ፣ ፓሪስ በፎቶ

ውጭ አገር የሚማር የሀበሻ ተማሪ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ከተማ አይቶ የሚመለስበት ምክንያት እስካሁን በቅጡ አልተጠናም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። የጥናቱ ቦታ ከቤልጅየሟ ሉቨን እስከ ፓሪስ፣ ዘዴው አብሮ መጓዝ፣ ናሙናው ሦስት ሰው ነው። ወጪውን የቻለው አጥኚው ራሱ በመሆኑ፣ በግኝቶቹ ላይ ምሬት ቢታይ ከሳይንሱ ሳይሆን ከኪሱ የመጣ ነው።

ናሙናው ገና ከመነሻው ተመናመነ። የአውቶቡሱ ትኬት 06:15 ይላል። ከሦስታችን አንዱ፣ የውኃ ምሕንድስና ተማሪው፣ እንደ አገሩ ልማድ አነበበውና ለስድስት ሰዓት ከሩብ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሻንጣውን እየጎተተ ደረሰ። በሕይወቱ ቀድሞ የተገኘበት የመጀመሪያ ቀጠሮ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ፓሪስ ገብተናል። ፈረንጅ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፣ እኛ ከንጋት፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓትና አንድ የማይመለስ የትኬት ዋጋ ነው።

የቀረነው ሁለታችን በስንቅ እንለያያለን። ጓደኛዬ ሳንድዊች ይዟል፤ እኔ ከጎንደር የተላከልኝን አንድ ፌስታል በሶ። በሶ ለመንገድ የተፈጠረ ምግብ ነው። ገብሱ ቀድሞ ተቆልቶ ስለተፈጨ እሳት አይጠይቅም፤ ውኃ ካገኘ ይበቃዋል። ችግሩ የመጣው ድንበር ላይ ነው። በ1985 የተፈረመው የሸንገን ስምምነት (የዚህ ጥናት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አባል አገሮች በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ እንዲያስቀሩ መንገድ ከፍቷል። ስለ በሶ ግን የሚለው ነገር የለም። አውቶቡሱን አስቁሞ የገባ አንድ ፈታሽ ፌስታሉን አነሳ፣ አሸተተ፣ ምንድን ነው አለኝ። «የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ማንንም አያሳምንም። ቃል ሲያልቅብኝ በፕላስቲክ ጠርሙስ በጥብጬ እፊቱ ጠጣሁለት። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ምን ይሆን ይሆን ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ምንም አልሆንኩም፤ ብቻ ስኳር ስላልነበረው ፊቴ ተጨማደደና ምርመራው ትንሽ ረዘመ።

ስለ ማረፊያ። በሀበሻ ተማሪ መዝገብ ውስጥ ሆቴል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ዘመድ ነው። የእኛ ዘመድ የአክስቴ ባል የእህት ልጅ ናቸው። ከዚያ ቀን በፊት ተያይተን አናውቅም፤ በሩን ከፍተው ግን «አድገህ!» አሉኝ። ዘመድ ቤት በነጻ ይታደራል የሚለው መላ ምት እዚህ ላይ ውድቅ ሆኗል። ክፍያው በመብላት ነው። እትዬ «በሞቴ!» ባሉ ቁጥር አንድ ጉርሻ፣ «አንዱማ ያጣላል» ባሉ ቁጥር ሁለተኛ። ቀጥሎ አቦል፣ ከአቦል ቶና። ቶናው ላይ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ያየው ጓደኛዬ «በረካውን ረግጠህ ልትወጣ ነው?» የሚል ጥያቄ ገጠመውና ተመልሶ ተቀመጠ። ፓሪስ ከቆየንባቸው 29 ሰዓታት ሰባቱ በመሶብና በረከቦት መካከል፣ ዘጠኙ ያንን በመተኛት አልፈዋል። ቀሪውን ለፈረንሳይ ሰጠናት።

ሉቭር ሙዚየም ነዋሪነቱ በአውሮፓ ኅብረት አገር ለሆነና 26 ዓመት ላልሞላው ሰው በነጻ ይከፈታል። የሀበሻ የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ስኮላርሺፕ ሲጠብቅ 26ን ያለፈ ሰው ነው። ጓደኛዬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ማስረጃውን ለማሳየት አሰበ፤ ስናሰላው ጭራሽ ከሰባት ዓመት በላይ አስረጀው። ከፍለን ገባን። ዋጋውን ወደ ብር መመንዘር እዚህ ላይ ለጤና ሲባል ተትቷል፤ ብሩ በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዚህ ዓይነት ስሌት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው። ሞና ሊዛ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሳንቲሜትር ነው። እኛ ያየነው ከዚያ ያነሰውን፣ በሁለት ስልኮች መካከል የቀረውን ክፍተት ነው። ሥዕሉ በ1911 በተሰረቀ ጊዜ ሕዝቡ ባዶውን ግድግዳ ለማየት ተሰልፎ ነበር። እነሱ ሳይሻሉ አይቀሩም።

ከኤፍል ማማ ጥቂት ራመድ ብሎ ኬ ብራንሊ የሚባል ሙዚየም አለ። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ የጥናት ቡድን በ1932 ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነቀላቸው የግድግዳ ሥዕሎች ያሉት እዚያ ነው። በቦታቸው ቅጂ ተተካላቸው። የእነሱ ጉዞ ከቅዳሜና እሁድ ረዘም ይላል፣ ከ1931 እስከ 1933 ፈጅቷል፤ ሻንጣቸውም ሲመለሱ ከበድ ብሎ ነበር። እኔ የጎንደር ልጅ፣ በዚያ ሙዚየም አጥር ሥር አለፍኩ። ማለት ሮጥኩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለፎቶ መድረስ ነበረብኝ። ይህ የተጻፈው ጥናት ሐቅ ይፈልጋል ስለሚባል ብቻ ነው።

ማማው ላይ አልወጣንም። እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ አለው፤ በእግር ለመውጣትም ይከፈላል፤ ከፍሎ መድከም ደግሞ ትምህርት ቤትም አለ። ማዶ ትሮካዴሮ ቆመን አርባ አንድ ፎቶ ተነሳሁ። በአርባው ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አንዱን ለእናቴ ላክሁላት።

መልሷ በድምፅ መጣ። «አንተ ልጅ፣ ከስተሃል። ደግሞ ከቴሌ አንቴና ሥር ምን ትሠራለህ?»

ጉስታቭ ኤፍል በ1889 ማማውን ሲያቆም የተሰጠው ፈቃድ የ20 ዓመት ነበር። ጊዜው ሲደርስ ከመፍረስ ያተረፈው ለሽቦ አልባ ቴሌግራፍ መጥቀሙ ነው። ዛሬም 330 ሜትር የሚሞላው ጫፉ ላይ በተተከለው አንቴና ነው። ለእናቴ ይህን ሁሉ ማብራራት አላስፈለገም።

«አዎ እማዬ፣ አንቴና ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ዞር በል ከዚያ!»