«አርባ ብለህ ጻፈው»

ሒሳብ የሚችል ልጅ በሰፈር ውስጥ ሰላም የለውም። የእድር መዝገብ ሲምታታ ይጠራል፣ የመብራት ቢል ሲቆለል ይጠራል፣ የቅርጫ ገንዘብ አልገጥም ሲል ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። እኔም ሳልሾም ሳልሸለም የሰፈሩ ሒሳብ ሹም ሆኜ ነው ያደግሁት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሰፈርተኛው «ኢንጂነር ሆነህ ተመለስ» ብሎ መርቆ ሸኘኝ። የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ላይ የሞላሁት ግን ሌላ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ሌላ ሆነ። ሜጀር ሒሳብ፣ ማይነር ስታትስቲክስ።

ለእናቴ ማስረዳቱ ከፈተናው ሁሉ ከበደኝ። «ሒሳቡስ ይሁን፣ ድሮም ታውቀዋለህ። ያኛው ምንድን ነው?» አለችኝ። በቀላሉ ይገባታል ብዬ፣ «ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው መጠየቅና መመዝገብ ነው» አልኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ካድሬ አደረጉህ እንዴ?» አለች።

ትምህርቱ ሲጀመር ደግሞ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቀን እንደማገልገል ሆነብኝ። ጠዋት ሪል አናሊሲስ አለ። መምህራችን፣ ከዜሮ በታች ተነስቶ ከዜሮ በላይ የደረሰ ያልተቋረጠ መስመር መሀል ላይ የሆነ ቦታ ዜሮን መንካቱን ለማረጋገጥ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ይህን የሚጠራጠር ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እሱ ግን ኤፕሲሎንና ዴልታውን ይዞ፣ ጠመኔው እስኪያልቅ ይሟገትና መጨረሻ ላይ ትንሽ ካሬ ሥሎ እጁን ያራግፋል። ከዚያ በኋላ በሰማይም በምድርም ይግባኝ የለም። ከሰዓት በኋላ ስታትስቲክስ እንገባለን። እዚያ ያለው መምህር «95 በመቶ» ይላል እንጂ «እርግጥ ነው» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጠዋት የተማርኩትን ጥንቃቄ ይዤ ስለ ቀሪው 5 በመቶ ስጠይቀው፣ «እሱ ሁልጊዜም አለ» ብሎ ቀጠለ።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ፕሮባቢሊቲ ነው፤ ጭንቅላቴም የዞረው እዚያው ነው። ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1933 የዕድልን ነገር በጥቂት አክሲዮሞች ላይ አቁሞ ከቁማር ቤት ወደ ሒሳብ ቤት አስገባው። ይህ ሥራው አንድ ጉድ ይዞ መጣ፤ ዕድሉ ዜሮ የሆነ ነገር ሊደርስ ይችላል። የአንድ ሰው ቁመት ልክ 1.70 ሜትር፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዘላለም ዜሮ ብቻ፣ የመሆን ዕድሉ ዜሮ ነው። የማንኛውም ሰው ትክክለኛ ቁመት ግን አስቀድሞ ሲታሰብ ዕድሉ ዜሮ የነበረ አንድ ቁጥር ነው። ይህን በተማርንበት ማታ የዶርም ጓደኞቼን አስቀምጬ ሁላችሁም ዕድሉ ዜሮ የሆነ ቁመት ያላችሁ ሰዎች ናችሁ አልኳቸው። ኢኮኖሚክስ የሚማረው፣ «ካፌ ሳይዘጋ እራት ብላ» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ለነሱ የምትጥማቸው አንዲት የስታት ታሪክ ብቻ ነበረች። ፈተና በደረሰ ቁጥር ይዘነው የምንንከራተተውን የቲ ሰንጠረዥ ለዓለም ያስተዋወቀው ጎሴት የዱብሊኑ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ጽሑፉን ያወጣው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። ገብስና ብቅል በጥቂት ናሙና የሚፈትን ሰው የፈጠረውን ቀመር እኛ ያለ ቢራ ስንሸመድደው ኖርን።

ዕረፍት ሲሆን ወደ ሰፈር እመለሳለሁ፤ ሰፈር ደግሞ አጎቴ አለ። አጎቴ የብሔራዊ ሎተሪ ደንበኛ ነው። ስታትስቲክስ የሚማር የወንድም ልጅ ማግኘቱን ፈጣሪ በቀጥታ የላከለት ምልክት አድርጎ ቆጠረው። «ይኸውልህ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆርጬ አልደረሰኝም። አሁንማ ተራዬ ቀርቧል፤ ይህን በቁጥር አሳየኝ» ይለኛል። ሎተሪ ያለፈውን አያስታውስም፣ የዛሬው ዕጣ የትናንቱን አያውቅም እያልኩ ደከምኩ። እሱም ዝም ብሎ አልነበረም የሚከራከረው። «እቁብስ?» አለኝ አንድ ቀን። እውነቱን ነው። ሃያ ሰው ባለበት እቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ላይ ዕድልህ ከ20 አንድ ነው። የደረሰው ስሙ ስለሚወጣ በየሳምንቱ ዕድልህ ያድጋል፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ያንተ መሆኑ እርግጥ ነው። አጎቴ ዕድሜ ልኩን እቁብ የጣለ ሰው ነው፤ መታገሥ ዕጣን እንደሚያቀርብ በኪሱ አይቷል። የሎተሪ ቁጥር ግን ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ፈረንጅ የጻፈው መጽሐፋችን ይህን ልዩነት ቀይና ነጭ ኳሶችን ከከረጢት እያወጣና እየመለሰ ነበር የሚያስተምረን። የእቁብ ዳኛ ጠርቶ አንድ ቀን ቢያናግረን ኖሮ ግማሹ ክፍል ያን ምዕራፍ ባልወደቀ።

ከሁሉ የከፋው ግን የአክስቴ ነገር ነው።

አክስቴ በኤሌክትሪክ ምድጃ የፈላ ቡና አልጠጣም ባይ ናቸው። «በከሰል የፈላውን በጠረኑ ነው የማውቀው፤ እኔን ማንም አይሸውደኝም» ይላሉ። ታዲያ በዚያው ሰሞን የእንግሊዛዊው ፊሸር ታሪክ ደርሶን ነበር። ፊሸር ሮትሃምስተድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ሙሪየል ብሪስቶል የተባለች ሳይንቲስት፣ ወተቱ ከሻዩ ቀድሞ ይሁን ተከትሎ የተጨመረ ቀምሼ አውቃለሁ አለች። እሱም ስምንት ስኒ አሰልፎ መፈተን ያዘ። ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ስለ ሙከራ አነዳደፍ በሚያወራው መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። አክስቴን ሳያቸው ብሪስቶልን ነው ያየሁት። «እትዬ፣ እንሞክረው?» አልኳቸው። «ምን ገዶኝ!» አሉ።

ሁለት ጀበና ተጣደ፤ አንዱ ከሰል ላይ፣ አንዱ ምድጃ ላይ። አራት ስኒ ከዚህ፣ አራት ስኒ ከዚያ። ቅደም ተከተሉን በዕጣ አወጣሁ፤ አክስቴ ጓዳ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይወሰድላቸዋል። ስኳር የለም፣ ጤናዳም የለም። ወሬው ስለተሰማ ጎረቤት ሁሉ ቁርስ ይዞ መጣ። ከሁለተኛው ስኒ ጀምሮ ማጉረምረም ተጀመረ፤ «ቡና እንዲህ እንደ ኮሶ ተለክቶ ይጠጣል እንዴ?» የሚሉ እናት ነበሩ። በመጨረሻ አክስቴ አራቱን የከሰል ስኒዎች ለይተው አወጡ። ሦስቱ ትክክል ነበሩ፤ አንዷ የምድጃ ሆና ተገኘች። እልልታው ቀለጠ።

እኔ ወረቀቴን ይዤ ተነሣሁ። ከስምንት ስኒ አራት የሚመረጥበት መንገድ 70 ነው። ምንም ሳያውቁ በግምት ብቻ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚገኝባቸው መንገዶች ደግሞ 17 ናቸው፤ ወደ 24 በመቶ ይጠጋል። አራቱንም አግኝተው ቢሆን ከ70 አንድ ነበር፤ ያኔ እኔም እልል እል ነበር። «ስለዚህ እትዬ፣ በቂ ማስረጃ አልተገኘም» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። «ውሸቴን ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«አላልኩም። አያውቁም ማለትም አልችልም። ይህ ሙከራ ማወቅዎን አላሳየም ነው የምለው።»

«አውቃለሁ አላልክ፣ አላውቅም አላልክ። እና ለዚህ ነው መንግሥት የሚቀልብህ?»

የኮስት ሼሪንግ ውል መፈረሜን፣ የበላሁትን ሁሉ ሠርቼ እንደምከፍል ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም። ይህን ነገር ግን ዛሬም አልለውጠውም። የስታትስቲክስ ተማሪ ሊማረው ከሚገባ ሁሉ ከባዱ «አልታወቀም» ብሎ አፍ መዝጋት ነው፤ በአገራችን ይህን የሚል ሰው ሽማግሌ ይላክበታል። እኔም ተልኮብኛል። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ቤት ስሄድ የሚቀርብልኝ ሻይ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ጊዜ ሲደርስ የእናቴ ሥጋት እውነት ሆነ፤ ቤት ለቤት ወጣሁ። ርዕሴ የእናቶች ዕድሜና የልጆች ብዛት ግንኙነት ነበር። ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። ከቀበሌ የቤቶች ዝርዝር ወስጄ እኩል እየዘለልኩ መምረጥ ነበረብኝ። የኮክራንን የናሙና መጽሐፍ ክብደቱን ችዬ ተሸክሜ ዞርኩ፤ ስለ ኃይለኛ ውሻ የሚያወራ ቀመር ግን አላገኘሁበትም። ዕጣ የወጣለት ቤት አንዱ ዝግ ነው፣ አንዱ ፈርሷል፣ አንዱ ጠጅ ቤት ሆኗል። ከዲፓርትመንት የተጻፈልኝ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማኅተሙ ቢያምርም የሚያመጣው ጣጣ ነበር። «ለኮንዶሚኒየም ነው?» ብለው የሚጠረጥሩት የልጅ ቁጥር ይጨምራሉ፤ «ለግብር ነው» ብለው የሚሰጉት ልጆቹን ወደ ጓዳ ይሰድዳሉ። በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ያለ ቤተሰብ እኔ ጥያቄ ጠይቄ እስክጨርስ ሲሰፋና ሲጠብ አይቻለሁ።

ዕድሜ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም አንድ ልብ ሆኑ።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ምን አውቄ የኔ ልጅ፣ አርባ ብለህ ጻፈው።»

እንዲህ ያሉ ጊዜ በታወቀ ክስተት ጠይቁ ተብለናል። ጃንሆይ ሲወርዱ፣ ቀይ ሽብር፣ የ77 ድርቅ፣ ኢሕአዴግ ሲገባ። አንዲት እናትን «ንጉሡ ሲወርዱ የት ነበሩ?» አልኳቸው። «ገና ጡት መጣሌ ነበር፣ እናቴ እንደምትለው።» 1967 ማለት ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ብላቸው 36 መጡ። ነገርኳቸው። ደነገጡ። «36 ደግሞ ምን ዓይነት ዕድሜ ነው? ሙሉ አርገው እንጂ!»

መረጃውን ኮምፒዩተር ላይ አስገብቼ ነጥቦቹን ስዘረጋቸው 30 ላይ አንድ ረድፍ፣ 35 ላይ አንድ ረድፍ፣ 40 ላይ ወፍራም ረድፍ፣ መሀሉ ባዶ። አማካሪዬ አንገቱን አዘንብሎ፣ «ይህ መረጃ ነው ወይስ አጥር?» አለኝ። ለዚህ በሽታ መለኪያ አለው፤ የዊፕል ኢንዴክስ ይባላል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ይቆጥራል። ሁሉም ትክክለኛውን ከተናገረ ወደ 100 ይሆናል፤ ሁሉም ሙሉ ካደረገው 500 ይደርሳል። የኔ ውጤት ከ100 እጅግ ርቆ ተገኘ። መድኃኒቱ ዕድሜውን ከ38 እስከ 42 እያሉ በቡድን መሰብሰብ ነው፤ ሰበሰብኩ፣ ተመረቅሁ።

በነዚያ እናት ግን መሳቅ አልችልም። የሙያችን ታላቅ ሰው የሚባለው ያው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውጤት የሚታመንበትን ድንበር ከ100 አምስት ላይ አደረገው። ለምን 5? ምቹ ነው ብሎ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ 0.049 ሲያገኝ ይፈነድቃል፣ 0.051 ሲያገኝ አንገቱን ይደፋል። 4.7 ምን ዓይነት ቁጥር ነው፣ ሙሉ አርገው እንጂ ነው ነገሩ። እናቲቱ ለ40 ያላቸው ፍቅርና ሳይንሱ ለ5 ያለው ፍቅር አንድ ምንጭ አለው፤ የሰው ልጅ ጣቱን ነው የሚቆጥረው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያቆማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተቆጠርን፤ በመጨረሻው ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነን ተገኘን። አራተኛው ተይዞ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ከመጨረሻው ቆጠራ ወዲህ የተወለደ ልጅ ለትምህርት ቤቱም ለክትባቱም በግምት ነው የሚታሰበው። ያ ግምት የሚቆመው በዚያው አሮጌ ቆጠራ ላይ ነው፤ ቆጠራው ደግሞ እኛ በደጃችን ቆመን በተናገርነው ላይ።

እንግዲህ ቆጣሪው መቼም አንድ ቀን በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም። ውሻውን እሰሩለት። 38 የሆናችሁ 38 በሉ። ካላወቃችሁትም አርባ አትበሉት፤ ማን ሲነግሥ ወይም ማን ሲወርድ ጡት እንደጣላችሁ ንገሩት፣ ቀሪውን እኛ እናሰላዋለን።