ለገና ዱላም በጀት?

ዘንድሮ «በትንሽ ወጪ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ኪሴን አጥብቄ እይዛለሁ። በትንሽ ወጪ የተደገሰ ሠርግ ሙሽራውን ባለዕዳ ሲያደርግ አይቻለሁ። በትንሽ ወጪ የታደሰ ቤትም ባለቤቱን ተከራይ አድርጎ ሲያስወጣ ታዝቤያለሁ። አሁን ደግሞ ተራው የጨዋታ ሆነ። የልጅ ልጄ «አባባ፣ በትንሽ ወጪ ቤት ውስጥ የሚሠራ የሣር ሜዳ ጨዋታ አግኝቻለሁ፤ እስቲ ይመልከቱት» ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ኮምፔርሳቶ፣ ሞራሌ፣ ኮላ፣ ብሎን፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም፣ ቫርኒሽ፤ ከታች ደግሞ «የመሰርሰሪያ ኪራይ» ይላል። «ጨዋታ ነው ያልከኝ ቁም ሳጥን?» አልኩት። አሜሪካኖች በየጓሯቸው የሚጫወቱት መሆኑን አስረዳኝ። 60 በ120 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ወደ ራስጌው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይበጅለታል። መሰሉ ደግሞ 8 ሜትር ያህል ርቆ ከፊት ለፊቱ ይደረጋል። ከዚያ ትንንሽ ከረጢት እየወረወሩ ቀዳዳው ውስጥ መክተት ነው፤ አለቀ። «ከረጢቱ ውስጥስ ምን አለ?» አልኩ። «በቆሎ» አለኝ።

በቆሎ! ዛሬ የፕላስቲክ ፍሬ የሚሞሉበትም አሉ አለኝ፤ ነባሩ ግን የደረቀ በቆሎ ነው። እኔ መሬት የወደቀ እህል የረገጠ ልጅ በልምጭ በሚገረፍበት ቤት ያደግሁ ሰው፣ የልጅ ልጄ በቆሎ ቋጥሮ ጣውላ ሲደበድብ ቆሜ ልይ? እህል የሚወረወረው ማሳ ላይ ነው፤ እሱም በዘር ጊዜ።

«እንግዲያው ሳንቲም የማይጠይቅ የእንጨት ጨዋታ ላሳይህ» አልኩት። የገናን ጨዋታ ማለቴ ነው። የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች ከደስታቸው ብዛት በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል፤ ወጉም ከዚያ ጋር ይያያዛል። እረኛ ደግሞ በጀት አይዝም።

በእኛ ጊዜ የገና ዱላ የሚሸጥም የሚገዛም አልነበረም። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ልጁ ከብቱን እየነዳ ዓይኑ ዛፍ ላይ ነው። ቀጥ ያለውን ለማገርና ለሽማግሌ ምርኩዝ ይተወዋል፤ እሱ የሚሻው ጫፉ ቆልመም ያለውን ነው። ወይራ ካገኘ ማን ብሎት! ካጣም ክትክታ አያሳፍርም። ቆርጦ ቅርፊቱን ይልጠዋል፣ እርጥቡን እሳት ላይ ለብለብ እያደረገ እጀታውን ያቃናል፣ ጫፉ ጉብጠት ካነሰውም ይጨምርለታል። ከዚያ ቅቤ ወይም ሞራ አሽቶ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። ጭሱ ነቀዝ ያርቃል፣ ቅባቱ እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። ታህሳስ ሲገባ ዱላው ደርሷል። የወጣ ገንዘብ፣ ምንም። የወጣ ቅቤ፣ እናት የማታውቀውን ያህል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ሁለት የሞራሌ ቁራጭ በምስማር ብናያይዝስ?» አለኝ። ትምህርት ቤት እንጨት የሚባል ነገር አላስተማሩትም መሰለኝ። ቆልማማ ሆኖ የበቀለ እንጨት ጅማቱም ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ምት የሚችለው ለዚህ ነው። በምስማር የተገጠመ ዱላ ግን በመጀመሪያው ምት ጫፉ ተነቅሎ ከሩሯ፣ ከምትመታዋ ኳስ፣ ቀድሞ ይበራል። ያን ጊዜ ተጋጣሚው ቡድን የትኛውን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል።

ሩሯም ብትሆን ፋብሪካ አታውቅም። ከዛፍ ጉጥ ወይም ከሥር ትጠረባለች። ጉጥ የሚመረጠው ጅማቱ የተጠላለፈ ስለሆነ ቶሎ ስለማይሰነጠቅ ነው። ጠራቢ ያጣ ሰፈር እርጥብ ጠፍር አጥብቆ ይጠመጥምና ያደርቀዋል፤ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱን በራሱ ያጠብቃል። ቅልጥሙ ላይ ያረፈችበት ሰው ከእንጨት ትሁን ከቆዳ አይጠይቅም።

ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ይዤው እንጨት ፍለጋ ወጣሁ። የአዲስ አበባ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን አልወቅሰውም፤ ባለውለታ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዞር ሲታሰብ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት። ግን ሽቅብ ከመሄድ በቀር ሌላ አመል የለውም። ለአጥርና ለፎቅ መወጣጫ የሚሆን እንጂ መቆልመም የሚባል ነገር አልፎበት አያውቅም። ወይራ ያየነው አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነው። ዘበኛው ብቅ ብሎ «ምን ፈለጋችሁ?» አለ። «ጠማማ ቅርንጫፍ» ብለው እኔን ትቶ የልጅ ልጄን በሐዘኔታ አየው።

ገበያ ወረድን። የገና ዱላ ነው የተባለ ነገር ተሰቅሎ አገኘን፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል፣ እጀታው በባለ ቀለም ክር ተጠልፏል። ዋጋውን አልናገርም፤ የኔን ዘመን በሬ ያሳፍራል። አንስቼ ልወዝውዘው ስል ሻጩ ተንደርድሮ መጣና «አባቴ፣ ለግድግዳ ነው፤ እንዳይመቱበት!» አለኝ። የማይመታበት የገና ዱላ! የማይቆርጥ ቢላዋ ቢሸጥልኝ ይሻለኝ ነበር።

ዱላውስ ይሁን፣ በስንት ልመና ከገጠር ይላክልን ይሆናል። የት ነው የሚጫወቱት? ያለሁበት ኮንዶሚኒየም ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የተረፈችውን ቁራሽ ሣር አጥረው «ሣሩን አይርገጡ» የሚል ሰሌዳ ተክለውባታል። ለበግ አይፈቀድ፣ ለልጅ አይፈቀድ፣ ታዲያ ለማን ነው የበቀለው? ጃንሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ተዛውሮበት ሽንኩርትና ቲማቲም ሲራገፍበት ከርሟል። ከሰሌዳው አጠገብ ዱላ እንደያዘ ሰው እጃችንን ወዝወዝ ስናደርግ ያዩን የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ እየሮጡ መጡ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባል ነበር፤ ሎሌ ጌታውን ቢገፋ፣ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም ቢሸነቁጥ ቂም አልነበረበትም። የኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ይቆጣል።

ደግ ነገርም አለ፣ አልክድም። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑ ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከቀስት ጋር ደንብ አውጥቶለት ያወዳድራል። ዳኛ አለ፣ ፊሽካ አለ፣ የተጫዋች ቁጥር ተወስኗል። በእኛ ሰፈር የተጫዋቹ ቁጥር ሰፈሩ ያለው ወንድ ሁሉ ነበር፤ ጨዋታውን የሚያስቆመውም ጨለማ ነው። እግሩን ያልተጎዳ ሰው «የት ነበርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። እንዲህ መሆኑ ቀርቶ ፊሽካ መምጣቱ ለቅልጥም ሳይሻል አልቀረም፤ ግን ውድድር ለተመረጡት ነው፣ ጨዋታ ለሁሉም ነበር።

ስለዚህ በትንሽ ወጪ መጫወት ለምትሹ ሁሉ ምክሬ ይኸው። ኮምፔርሳቶውን ለቁም ሳጥን፣ በቆሎውን ለንፍሮ ተዉት። ገጠር ዘመድ ያላችሁ በጥቅምት ደውሉና ቆልማማ እንጨት አስቆርጡ፤ ለታህሳስ 29 ይደርቃል። በዘመነ ዮሐንስ ገና 28 ላይ ስለሚውል አንድ ቀን ቀደም በሉ። ዱላውን ልጅ ይሠራዋል፣ ሩሯን ጠፍር ይሠራታል። ሜዳን ግን አናጢ አይሠራውም። ሰሌዳ የመትከል ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች፣ ቢያንስ ለገና ዕለት ሰሌዳውን ንቀሉልን።