የሐይቅን ጉዞ ማበላሸት ለሚፈልግ የተማሪዎች ኮሚቴ

ጉዞ የሚበላሸው ጀልባ ላይ አይደለም፤ መነሻው መርሳ ከተማ ላይ ገና መዋጮው ሲሰበሰብ ነው። ኮሚቴው ከሴቱም ከወንዱም እኩል ብር ይቀበል። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም መሆኑን፣ ሴት እንደማትገባበት ግን ለማንም አይንገር። ልጃገረዶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው በሩ ድረስ ይሂዱና እዚያው ይስሙት።

ከጥፋቱ ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ቀድሞ ቢነገራቸው የራሳቸውን ቀን ያቅዱ ነበር፤ ሐይቁን ይዞሩ፣ ዓሣ አጥማጆቹን ያነጋግሩ ነበር።

ከመርሳ እስከ ሐይቅ መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውጫሌ ሲደረስ ሙዚቃው ከፍ ይበል፤ በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ውል የተፈረመበት ቦታ መሆኑን የታሪክ ተማሪው እንኳ ሳያስታውስ ይለፍ።

ውሃው ዳር ሲደርሱ ስለ ጥልቀቱ ማንም አይጠይቅ። ማዶው ስለሚታይ ሐይቁ ትንሽ ይመስላል። ጣና በስፋት ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ያህል ነው። የዚህኛው ከ80 ሜትር በላይ እንደሚወርድ ተለክቷል። እንግዲህ ለ10 ሰው በተሠራች ጀልባ 16 ይሳፈር፤ ላይፍ ጃኬቱም ለመቀመጫ ይነጠፍ። ለፎቶ ሁሉም ብድግ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይሰብሰብ፤ ጀልባን ለመገልበጥ ማዕበል አያስፈልግም፣ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ወደ ጠርዙ ከሄደ ይበቃል። ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ «ዋና እችላለሁ» ካለም ይታመን። ወንዝ ውስጥ የደከመ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል፤ እዚህ መሬቱ ሩቅ ነው።

ዳር ዳሩንም በባዶ እግር መንቦራጨቅ አይቅር። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ የተገኘው ቢልሃርዚያ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው።

ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ ዛፎቹም እስከ ውሃው ይወርዳሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩት እዚህ ነው። ወንዶቹ ታዲያ መነኮሳቱን አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ ሰልፊ ተነሥተው ይውጡ። ውጭ የቆዩት ልጃገረዶች ደብተራቸውን ገልጠው «ምን አያችሁ?» ሲሏቸው፣ ስልካቸውን አውጥተው የገዛ ፊታቸውን ያሳዩአቸው።